«ሁሉም ሰላም ነው» ያልኩለት ስልክ

እኔ ዕቃ መጣል አልችልም። ይሄን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ኋላ ላይ «ምነው አዲስ ስልክ አይገዛም ነበር?» እያላችሁ ነገሬን እንዳታቋርጡኝ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙስ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የጽሕፈት መኪና፣ ሁሉም እኔ ዘንድ በክብር ተቀምጠዋል። አለቃዬ «ይወገድ» ብሎ የፈረመበትን ዕቃ ሳወጣ ሦስቴ ዞሬ አየዋለሁ። ቤቴም ከዚያ አይሻልም። ባለቤቴ ሰናይት በር ላይ የተከመረውን ኮተት እያየች «አንተንም ያላስወገድኩህ እኮ ካንተው ተምሬ ነው» ትለኛለች።

ስልክህ አርጅቷል የሚሉኝ ሰዎችማ ያናድዱኛል። ስልኩ ምን ሆነ? መስታወቱ ጥግ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ባትሪው ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ደርሶ ይመለሳል፤ የታክሲ ሰልፍ ከሌለ ማለቴ ነው። ያረጀው ስልኩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሲስተም ነበር። የሠሩት ሰዎች «ከእንግዲህ ይሄን ሞዴል አናድስም» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ አፕሊኬሽኖቹ አንድ በአንድ ያኮርፉኝ ጀመር። አንዱ «ሲስተምዎ አሮጌ ነው» ይለኛል፣ ሌላው ጭራሽ አልከፈት ይላል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ በስልክ ልክፈል ብዬ ስነካካ፣ ስነካካ፣ መውረጃዬ ደረሰ። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና «ፋዘር፣ ይሄ ስልክ ጡረታው አልተከበረለትም እንዴ?» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

በዚያ ሰሞን ነው ኢንተርኔት ላይ እነዚያን ጉደኞች ያገኘኋቸው። በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ፋብሪካው የተወውን ስልክ ያነሱና አዲሱን ሲስተም ለአሮጌው ስልክ በልኩ ይሰፉለታል። በነፃ! የሚከፍላቸው የለም፣ የሚያመሰግናቸውም ጥቂት ነው። ደቦ ነው በቃ፣ ጠላ የሌለበት ደቦ። ዕቃ መጣል የማይችል ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳውቅ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። የመሪያቸውን እውነተኛ ስም የሚያውቅ የለም፤ በሚጻጻፉበት ግሩፕ ውስጥ ራሱን «ጉጉት» ብሎ ነው የሚጠራው። እና ጉጉት በዚያን ጊዜ እየሠራ የነበረው ለማን ስልክ መሰላችሁ? ለኔው ሞዴል!

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። የነጉጉት ስልኮች ባለ አንድ ሲም ናቸው። ወደኛ ገበያ የመጣው ደግሞ ባለ ሁለት ሲም ነው፤ ውስጡ ትንሽ ይለያል። ግሩፑ ውስጥ ያንን የያዝኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። ጉጉት «እኔ የማላየውን አንተ እይልኝ፤ ጫንና ምን እንዳልሠራ ንገረኝ» ብሎ ጻፈልኝ። በደስታ ዘለልኩ። ያቺን ዝላይ አሁን ሳስባት ፊቴ ይቀላል።

ሲስተም መቀየር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ታገናኙና የድሮውን ጠራርጋችሁ አዲሱን ትጭናላችሁ። መሃል ላይ ከተቋረጠ ስልኩ አለቀለት። እነሱ ደግሞ ሞተ አይሉም፤ «ጡብ ሆነ» ነው የሚሉት። የኔ ቤት ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ጡብ ባገኝ አልጠላም ነበር፣ ግን በአንድ ጡብ ምን ይሠራል? ብቻ ቅዳሜ ጠዋት አማትቤ ጀመርኩ። ግማሽ ሲደርስ መብራት ሄደ።

የኮምፒውተሬ ባትሪ ደግሞ ለስሙ ነው ያለው፤ ቶሎ ሌላ መብራት ካላገኘ ያበቃለታል። «ኡ! ኡ!» ብዬ ጮህኩ። ሰናይት ማማሰያ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ገና አልሞተም!» ብያት፣ ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ በግራ እጄ አቅፌ፣ ስልኩን በቀኝ እጄ፣ መሃል ያለውን ገመድ በጥርሴ ነክሼ ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድኩት። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች ጥግ ያዙልኝ። አንዷ «ወይኔ፣ ምን ነክቶት ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ጄኔሬተር ያለው ፀጉር ቤት አውቅ ነበርና ዘልዬ ገባሁ። ጄኔሬተሩ ግን ትንሽዬ ናት፤ የፀጉር ማሽኑንና የኔን ኮምፒውተር አንድ ላይ አትችልም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ራሱ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና ጎፈሬ ነው።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ። የነፍስ ጉዳይ ነው» አልኩት።

የምን ነፍስ እንደሆነ ሳይጠይቅ እሺ አለ። ግማሽ ጎፈሬውን ይዞ መስታወቱ ላይ ራሱን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እያየ ጠበቀኝ። በመጨረሻ አዲሱ ሲስተም ቦግ ብሎ ሲከፈት ፀጉር ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ባለ ግማሽ ጎፈሬው ነበር።

ሲስተሙ ውብ ነው፣ እውነቴን ነው። ያኮረፉኝ አፕሊኬሽኖች ሁሉ ታረቁኝ። ግን... እ... እንዴት ልበላችሁ፣ ጥቂት ጥቂት ነገር ነበረበት። ካሜራው ሰውን ዘቅዝቆ ያነሳል። ድምፅ ልጨምር ስል የእጅ ባትሪው ይበራል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስልኩ ሳይነካ ትንሽ ከቆየ ኔትወርኩ እልም ይላል። ሰው ቢደውል ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለዋለች። ስልኩን አንስቼ ስነካው ኔትወርኩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይመለሳል።

ጉጉት በየጊዜው ይጠይቀኛል። «ባለ ሁለት ሲሙ እንዴት ነው? ያልሠራ ነገር አለ? እባክህ አትደብቀኝ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ዘመዴ ያልሆነ፣ ውለታ ያልዋልኩለት፣ መልኩን እንኳ የማላውቀው ሰው ከእንቅልፉ ቀንሶ ለኔ ስልክ ደክሟል። ምን ልበለው? ሥራህ ጎዶሎ ነው ልበለው? እኔ እንዲህ ተደርጌ አላደግኩም። ፀጉር አስተካካይ ከኋላዬ መስታወት ይዞ «እንዴት ነው?» ሲለኝ ማጅራቴን አይጥ የበላው ቢመስል እንኳ «በጣም ቆንጆ» ብዬ ከፍዬ የምወጣ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊ አንዱን እግር አሳጥሮ የሰፋልኝን ሱሪ «ልክክ ብሏል» ብዬ ተቀብዬ፣ እሱ ሱቅ ፊት ለፊት ባለፍኩ ቁጥር ሱሪው ልክ እንዲመስል ትንሽ አነክስ ነበር። ይሄንን ይሉኝታ ትሉታላችሁ። ሰናይት ሌላ ስም አላት፣ እዚህ አይጻፍም።

እና ለጉጉት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ሁሉም ሰላም ነው። እጅህ ይባረክ። እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ። ካሜራው ሲዘቀዝቅ እኔም ስልኩን ዘቅዝቄ መያዝ ለመድኩ። በእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ እንደዚያ ይዤ ሳነሳ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ገልብጠኸዋል» አሉኝ። «አውቃለሁ አባቴ፣ ለዚህ ስልክ እንዲህ ነው የሚስማማው» አልኳቸው። ሽማግሌው ከአጠገቤ ቀስ ብለው ዞር አሉ።

ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ራሱን «ተርብ» የሚል አንድ ስድ ነበረ። ባለ አንድ ሲሙን የያዘ ነው። አቤት አፉ! «ካሜራው አይረባም! ድምፁ ይቆራረጣል! ይሄን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» እያለ ጠዋትና ማታ ይጽፋል። ምስጋና የለ፣ ሰላምታ የለ። ጉጉት ደግሞ «ጥሩ፣ አይቼዋለሁ» ይለውና ያስተካክልለታል። ደሜ ፈላ። ለተርብ ለብቻው «ወንድሜ፣ ሰው በነፃ ደክሞልህ እንዲህ አይባልም፣ ነውር ነው» ብዬ ምክር ቢጤ ላክሁለት። እሱም የጥያቄ ምልክት መለሰልኝ። ቃል የለውም፣ የጥያቄ ምልክት ብቻ። አሳዳጊ የበደለው ብዬ ተውኩት። ይኸው ዛሬ የተርብ ስልክ ከሱቅ እንደወጣ አዲስ ስልክ ይሠራል አሉ።

ሰናይት ግን አልታገሠችኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት ግዛ ልትለኝ ስትደውል ውላ ሳታገኘኝ ቀርታ ባዶ እጄን ገባሁ።

«ስልክህ እኮ አይጠራም!»

«ኔትወርክ ነው።»

«ኔትወርክ ቢሆን የኔስ? ለምን ለዚያ ልጅ አትነግረውም? አይጠራም በለው፣ በቃ!»

«አንቺ ደግሞ! እንግዳ ሆነሽ ሰው ቤት ገብተሽ ወጡ ጨው በዝቶበታል ትያለሽ?»

«እሱ መቼ ለግብዣ ጠራህ? ጨው ቅመስልኝ ነው ያለህ!»

ይቺ ንግግሯ ያን ቀን በአንድ ጆሮዬ ገብታ በሌላው ወጣች። ዛሬ ነው ተመልሳ ገብታ አልወጣም ያለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ጉጉት ለመላው ግሩፕ አወጀ። ባለ ሁለት ሲሙ ሥራው ተጠናቋል፣ ማንም ሰው ያለ ስጋት መጫን ይችላል፣ ይህም የሆነው አዲስ አበባ ባለው ታማኝ ሞካሪያችን ምክንያት ነው አለ። ታማኝ! እኔን ነው! ሰዎች አበባና ጭብጨባ ላኩልኝ። እኔም ጽሑፉን ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለእህቴ፣ ለፀጉር ቤቱ ሰዎች ሳይቀር አሳየሁ። እዚህ ላይ ባበቃልኝ ምናለበት።

አሁን ጋሽ በላቸውን ላስተዋውቃችሁ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ባለ ወርቅ ዘርፍ ትልቁን ጥላ ማለቴ ነው። ቁስቋም ማርያም ለንግሥ ስትወጣ ከሚዘረጉት ጥላዎች ውስጥ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው። ይሁንና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ለቁስቋም የተሳሉትን የስለት ጥላ ጀምረው ዘርፉ ላይ ሲደርሱ መርፌው አልታይ አላቸው። ሌላ ሰው ይጨርስልዎት ሲባሉ «ስለት በሰው እጅ?» ብለው ጥላውን በነጠላ ሸፍነው አስቀመጡት። በኋላ አንድ ሆስፒታል ከሩቅ አገር መጥተው የዓይን ሞራ በነፃ የሚገፍፉ ሐኪሞች እንዳሉ ሰምተው ተመዘገቡ። «ሐኪሞቹ ሲመጡ ተራዎን እንደውላለን፤ የሚቆዩት ጥቂት ቀን ስለሆነ ስልክዎ ክፍት ይሁን» ተባሉ። ጋሽ በላቸው ቁጥራቸውን ሲሰጡ አጠገባቸው ነበርኩ። ቁጥሩን ደግመው፣ አስረግጠው ነው የተናገሩት።

ስልካቸው የኔ መንትያ ነው። ልጃቸው ከሐዋሳ መጥታ ስልክ ልትገዛላቸው ስትል «ይሄን ግዢ፣ ብረት ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ማንበብ ካቃታቸው ወዲህ ስንክሳሩን በዚያ ስልክ ነበር የሚሰሙት። ታዲያ አንድ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ስልኩን እየደባበሱ አገኘኋቸው።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ስንክሳሩ ዛሬ አልናገር አለ።»

ወስጄ አየሁት። «ሲስተምዎ አሮጌ ነው» ይላል። እሳቸው ምንም አልጠየቁኝም፤ በሬድዮ እሰማለሁ ብለው ትተውት ነበር። እኔ ነኝ የቀበጥኩት። «ጋሼ፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው! ታማኝ ሞካሪ የተባልኩበት!» አልኳቸው። ኮምፒውተሬን ተሸክሜ መጣሁ፣ መብራትም ያን ቀን ሳይሄድ ዋለ። ምነው በሄደ! አዲሱን ሲስተም ጫንኩላቸው፣ ስንክሳሩም ተናገረ። ጋሽ በላቸው ራሴን ይዘው መረቁኝ።

ስልኩ ከቆየ እንደማይጠራ ረስቼው ነበር? አልረሳሁትም። ለራሴ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ጋሽ በላቸው ቀኑን ሙሉ ስንክሳር ስለሚሰሙ ስልኩ አይተኛም» አልኩት። ለራሴ ስዋሽ እንዴት ጎበዝ ነኝ! አንድ ጊዜ እንኳ «ጋሼ፣ አልፎ አልፎ ነካ ያድርጉት» አላልኳቸውም። «ለምን?» ካሉኝ መልሱ «ስለማይጠራ» ነዋ። ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ እንዴት ብዬ? ይልቅ በአጥሩ በኩል ባገኘኋቸው ቁጥር «ስልኩ እንዴት ነው ጋሼ?» እላለሁ፤ እሳቸውም «በጣም ጥሩ ነው ልጄ» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እገባለሁ።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥተን፣ ክንዳቸውን ይዤ የቁስቋምን ደረጃ ስንወርድ አንዲት ሴትዮ ከኋላችን ተጣሩ። ሆስፒታሉ ሲመዘገቡ ከጋሽ በላቸው ጎን ተሰልፈው የነበሩ ናቸው፤ ያኔ በልጃቸው ትከሻ ነበር የሚሄዱት። አሁን ብቻቸውን ደረጃውን እየዘለሉ መጡ።

«ጋሽ በላቸው! ምነው ቀሩ? ስምዎ እኮ ሲጠራ ነበር! ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ!» አሉና ጎንበስ ብለው የጋሽ በላቸውን ኮት አዩት። «ውይ፣ ቡናማ ነው ለካ! እኔ እኮ ጥቁር ይመስለኝ ነበር።»

ጋሽ በላቸው «እንኳን እግዜር ማረሽ» ብለው ሳቁ። ክንዳቸው ግን እጄ ውስጥ ሲከብደኝ ተሰማኝ።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ይዣቸው ሆስፒታሉ ሄድን። ነርሷ ሰው የምታከብር ልጅ ነበረች፤ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። «አባባ፣ ደጋግመን ደውለናል። ሁልጊዜ ማግኘት አይችሉም ነው የሚለን። የመጨረሻው ቀን ስለደረሰ ተራዎን ለሌላ ሰው ሰጠነው» አለች።

«መቼ ነው የሚመለሱት?» አልኳት።

«እሱን እኛም አናውቅም። ሲመጡ እንደውላለን» አለች። ሞራ መግፈፉ ሌላ የት ሆስፒታል እንደሚሠራ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ታክሲው ሞልቶ ተነሳ። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ስልኩ እንደማይጠራ ያውቁ ነበር?»

«እ... የሐዋሳዋ ልጄ ነግራኛለች። ብደውል ብደውል አላገኝህም ስትለኝ ጊዜ ኔትወርክ ነው አልኳት።»

«እኔን ለምን አልነገሩኝም? ስንት ጊዜ ጠየቅኩዎት!»

ጋሽ በላቸው ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። «ምን ብዬ ልንገርህ? ኮምፒውተርህን ተሸክመህ ቤቴ ድረስ መጥተህ፣ ዘመድ ሳልሆን፣ በነፃ ደክመህልኝ! ሥራህ ጎዶሎ ነው ልበልህ? ነውር አይደለም?»

እኔ ለጉጉት ያሰብኩትን ቃል በቃል ነው ለኔ ያሰቡልኝ። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል የሁለታችንንም ከፈልኩ።

ቤት እንደደረስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ለጉጉት ጻፍኩ። ምርቃት የለ፣ ምስጋና የለ። «ባለ ሁለት ሲሙ ከቆየ አይጠራም። ካሜራው ይገለብጣል። ድምፅ ስጨምር መብራት ይበራል። ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኩት። እስኪሰድበኝ ጠበቅኩ። እንዲሰድበኝ ፈልጌም ነበር መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«ደክመህበታል ብዬ ነው። እንዳይከፋህ።»

ትንሽ ቆየና «የጠየቅኩህ እኮ ልሠራው ብዬ ነው» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም «ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። አመሰግናለሁ! ተርብ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ «ጎሽ!» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉጉት አስተካክሎ ላከልኝ። ለሁለተኛው ሲም የሚያስፈልግ አንዲት መስመር ጎድላ ነው አለ። አንዲት መስመር! የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጋሽ በላቸው መነጽር አድርገው ዘርፍ ይሰፉ ነበር። ሰናይት ቢላዋ አስጨበጠችኝ። እኔም ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ላጥኩ።

በማግስቱ የጋሽ በላቸውን ስልክ ወስጄ የተስተካከለውን ጫንኩና መለስኩላቸው። አሁንስ ይጠራ ይሆን? እሳቸውን ብጠይቅ መልሳቸውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ስልኩ ሳይነካ እስኪቆይ ታገሥኩና፣ ግቢዬ ውስጥ አጥሩ ሥር ቆሜ በሰናይት ስልክ ደወልኩ። ሰናይት አጠገቤ ቆማለች።

ጠራ! በአጥሩ ማዶ ጥርት ብሎ ጠራ። የሰናይትን እጅ ጨበጥኩ።

ከዚያ በርጩማ ሲወድቅ ሰማን። ዕቃ ተንኳኳ፣ ብርጭቆ ነገር ተሰበረ፣ እግር በጥድፊያ ተጎተተ። ጋሽ በላቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ስልኩ እየሮጡ ነበር።

«አቤት! አቤት! በላቸው ነኝ! አለሁ፣ አሁኑኑ መምጣት እችላለሁ!»

ድምፃቸው በስልኩም በአጥሩም መጣልኝ። ሰናይት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ... እኔ ነኝ። ስልኩ ይጠራ እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ቁና ቁና ሲተነፍሱ ሰማኋቸው።

«ሆስፒታሉ መስሎኝ ነው» አሉኝ። ከዚያ የወደቀውን በርጩማ ሲያቆሙ በአጥሩ ማዶ ሰማን።